ክሽክሽና ጓዳዋ፦ በነፍሳት ሰውነት ውስጥ ስለሚኖሩ ባክቴሪያዎች

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲጠና ከጓሮ ጎመን ቀጥፎ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም። ቅጠሉ ከላይ ሲታይ ደኅና ነው፤ ጠርዙ ብቻ ጥቅልል ብሏል። ገልበጥ ሲያደርጉት ግን ሆዱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላስተዋለው ደግሞ አመዱ ይንቀሳቀሳል። ክሽክሽ ነው። እናቴ እንዲህ ያለውን ቅጠል እያጉረመረመች ለዶሮዎቹ ትወረውረው ነበር።

እኔ አንድ ቀን አንዱን ቅጠል ሳልጥል ማጉያ መነጽር ይዤ ተቀመጥኩበት። ከክሽክሾቹ አንዷ፣ ሁለት የጤፍ ቅንጣት የምታህል፣ እየወለደች ነበር። እንቁላል አልጣለችም፤ ሕይወት ያላት ልጅ በኋላዋ ብቅ አለች። ልጅቱ እግሮቿን አጣጥፋ ትንሽ ተንጠለጠለች፣ ከዚያ እግሮቿን ዘረጋች፣ ቅጠሉን ረገጠች፣ ጥቂት ተራምዳም እንደ መርፌ የቀጠነ አፏን ተከለች። አባት የላትም። እንዲህ ባለው ወቅት ክሽክሾች ያለ ወንድ ይራባሉ፤ በተወለደችው ልጅ ሆድ ውስጥም የሚቀጥለው ትውልድ አስቀድሞ ማደግ ጀምሯል። በአንዲት እናት ውስጥ ልጅም የልጅ ልጅም አለ ማለት ነው። አንድ ማሳ አተር በጥቂት ሳምንት ውስጥ በክሽክሽ የሚወረረው ለዚህ ነው።

እኔን ያስገረመኝ ግን ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ይህ ሁሉ ልጅ የሚሠራው ከምን ምግብ ነው?

ክሽክሽ ቅጠል አትበላም። መርፌዋን የምትሰካው ቅጠል ያዘጋጀውን ስኳር ወደ ሥርና ወደ ፍሬ በሚያመላልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ነው። ከዚያ የምታገኘው ፈሳሽ ስኳሩ የተትረፈረፈ፣ ሰውነት የሚገነባበት ንጥረ ነገር ግን እጅግ ያነሰበት ነው። ሥጋ ለመሥራት ፕሮቲን ያስፈልጋል። ፕሮቲን ደግሞ ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የሚሰካካ ሰንሰለት ነው። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን እንስሳት ራሳቸው መሥራት አይችሉም፤ ከምግብ ማግኘት አለባቸው። እኛ ይህን ችግር የፈታነው በማዕዳችን ነው፤ እንጀራን በሽሮ ስንበላ የእህሉን ጎዶሎ ጥራጥሬው ይሞላዋል፤ በጾም ወራትም ሰውነታችን የሚጸናው በዚህ ነው። ክሽክሽ ግን ሽሮ የላትም። የእሷ ኑሮ ልጅን በጣፋጭ ሻይ ብቻ እንደማሳደግ ነው። የተረፋትን ስኳር በኋላዋ ታንጠባጥበዋለች፤ በክሽክሽ የተወረረ ቅጠል እጅ ላይ የሚጣበቀው፣ ጉንዳንም የሚሰበሰብበት ከዚህ የተነሳ ነው። በሻይ ብቻ ያደገ ልጅ ይቀጭጫል፤ እሷ ግን ትወልዳለች፣ ትራባለች፣ ማሳ ትሞላለች።

የጎደለውን የሚሞላላት ሌላ ፍጡር በሆዷ ውስጥ ይኖራል። ምስጢሩ ይህ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን የክሽክሽን ሆድ ከፍተው ያዩ ሊቃውንት በውስጡ ያገኙትን ለየት ያለ የሕዋሳት ክምችት የእንቁላል አስኳል የመሰለ ነገር አድርገው ቆጥረውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ጣልያናዊው ኡምቤርቶ ፒየራንቶኒና ቼካዊው ካሬል ሹልትዝ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይጠብቅ፣ በእነዚያ ሕዋሳት ውስጥ የታጨቁት ሕያዋን ደቂቅ ፍጥረታት መሆናቸውን አስታወቁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በኋላ ጀርመናዊው ፓውል ቡክነር ዕድሜያቸውን ሙሉ ነፍሳትን አንድ በአንድ እየከፈቱ እንዲህ ያሉ ውስጠ ነዋሪዎችን ሲመዘግቡ ኖሩ። ተክል መጣጮች፣ ደም መጣጮች፣ እንጨት በሎች፣ ምግባቸው አንድ ወጥ የሆነና ጎዶሎ ያለበት ነፍሳት ብዙዎቹ በሰውነታቸው ውስጥ ጓዳ ሠርተው ባክቴሪያ አኑረዋል። ጓዳ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሳሎን የማይታይ፣ የቤቱ ሰው የሚበላው ግን የሚሰናዳበት ቦታ ነው።

የክሽክሽ ባክቴሪያ በ1991 ለቡክነር መታሰቢያ ቡክኔራ ተብሎ ተሰየመ። የሰየመው በካሊፎርኒያ ይሠሩ የነበሩት የፖል ባውማን ቡድን ነው። ባክቴሪያውን ለማጥናት ትልቁ እንቅፋት ከክሽክሽዋ ሰውነት አውጥቶ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ማሳደግ አለመቻሉ ነበር። ከቤቱ ሲወጣ ይሞታል። ሳያሳድጉት ሊያውቁት የሚችሉበት መንገድ ዘረመሉን፣ ማለትም በዲኤንኤ ፊደላት የተጻፈውን የሕይወት መመሪያውን፣ ማንበብ ብቻ ነበር፤ የፕሮፌሰር ናንሲ ሞራን ሥራ የገባውም እዚህ ላይ ነው።

ሞራን በቴክሳስ ዳላስ ተወልደው፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1982 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው፣ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ስለ ክሽክሽ የሕይወት ዑደት ያጠኑ የነበሩ የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪ ናቸው። ነፍሳቱን ያውቃሉ፤ ባውማን ደግሞ ባክቴሪያውን። ሁለቱ ሲገናኙ የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ይመስላል። የክሽክሽ ዝርያዎችን የትውልድ ሐረግ ብንስል፣ ከዚያ በውስጣቸው የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች የትውልድ ሐረግ ለብቻው ብንስል፣ ሁለቱ ሐረጎች ይገጥማሉ ወይ?

ገጠሙ። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ። ይህ ማለት ባክቴሪያው ከአንዷ ክሽክሽ ወደ ሌላዋ እንደ ጉንፋን ሲተላለፍ አልኖረም፤ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ፣ ያለ መቋረጥ ወርዷል ማለት ነው። በ1993 ሞራንና ባልደረቦቻቸው የክሽክሽ ቅሪተ አካላትን ዕድሜ እንደ ሰዓት መቁጠሪያ ተጠቅመው፣ ይህ የጋራ ኑሮ የተጀመረው ከ160 እስከ 280 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው ብለው ገመቱ። በምድር ላይ ዳይኖሰሮች በነበሩበት ወይም ከዚያም በቀደመ ዘመን አንዲት የክሽክሽ ቅድመ አያት አንድ ባክቴሪያ አስገባች፤ የዛሬዋ የጎመን ቅጠል ላይ ያለችው ክሽክሽ የዚያኑ ባክቴሪያ ዘር ይዛለች። ውርሱ የሚተላለፍበትን አኳኋን በማይክሮስኮፕ የተከታተሉም አሉ። ፅንሱ ገና ጥቂት ሕዋሳት ብቻ ሳለ፣ የእናቲቱ ጓዳ ሕዋስ ቡክኔራን ወደ ውጭ ይለቃል፣ ፅንሱም ተቀብሎ ወደ ውስጡ ያስገባል። ቡክኔራ የሌላት ክሽክሽ አትወለድም ማለት ይቻላል።

ባክቴሪያው በእርግጥ ምግብ ሠሪ መሆኑ የተረጋገጠው በሌላ ዓይነት ሙከራ ነው። ክሽክሽን በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቡክኔራዋን ሲገድሉባት ትቀጭጫለች፣ ትመክናለች። እንግሊዛዊቷ ተመራማሪ አንጀላ ዳግላስ ደግሞ ለክሽክሽ ሰው ሠራሽ ምግብ አዘጋጅተው፣ አሚኖ አሲዶቹን አንድ በአንድ እየቀነሱ፣ ባክቴሪያ ያላትና የሌላት ክሽክሽ እንዴት እንደሚሆኑ አነጻጸሩ። ቡክኔራ ያላት የተቀነሰባትን ትሠራዋለች። ክሽክሽዋ በብዛት ያላትን ቀላሉን አሚኖ አሲድ ለባክቴሪያው ትሰጣለች፣ እሱም አስቸጋሪዎቹን ሠርቶ ይመልስላታል። ዱቄት አቀባይና ጋጋሪ እንደማለት ነው።

በ2000 የጃፓን ተመራማሪዎች የአተር ክሽክሽን ቡክኔራ ሙሉ ዘረመል አንብበው አወጡ። የአተር ክሽክሽ በአገራችን ደጋ ማሳዎችም አርሶ አደሩን የሚያስመርር ተባይ ነው፤ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ደግሞ የዚህ ጥናት ዋና ተዋናይ እሱ ሆኗል። የተገኘው ነገር በዘርፉ ያሉትን ሁሉ አነጋገረ። የቡክኔራ የቅርብ ዘመድ የሆነው፣ በእኛ አንጀት የሚኖረው ኢ. ኮላይ ዘረመሉ ወደ 4.6 ሚሊዮን ፊደላት ነው። የቡክኔራ ከ640 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው። ጂኖቹ፣ የመመሪያው ክፍሎች ማለት ነው፣ 580 ያህል ብቻ ናቸው። ለራሱ መከላከያ ቅጥር መሥሪያ የሚሆኑት አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ የተበላሸ ዲኤንኤ መጠገኛዎቹም ብዙዎቹ የሉም። ክሽክሽዋ ራሷ የምትሠራቸውን አሚኖ አሲዶች መሥሪያም ጥሏል። ለእሷ የሚያስፈልጓትን መሥሪያዎች ግን ይዟል። ሁለት የተቀደደ ወረቀት ቁርጥራጮች አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጧቸው ጠርዛቸው እንደሚገጥም ሁሉ፣ የአንዱ ጎዶሎ ያለበት ቦታ ላይ የሌላው ሙሉ ሆኖ ተገኘ።

ይህን የሚያነብ ሰው ወዲያው “እንዴት ያለ ፍቅር ነው” ሊል ይችላል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። የሞራን ትልቁ ትምህርት ግን ሌላውን ገጽ ማሳየታቸው ነው፤ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። የባክቴሪያው ዘረመል እንዲህ የኮሰመነው የማያስፈልገውን በጥበብ ስለጣለ ብቻ አይደለም። የሚያስፈልገውም እየተበላሸበት ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የብራና መጽሐፍ አገለባበጥን እናስብ። አንድ ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ አንዳንድ ፊደል መገደፉ አይቀርም። የገዳሙ ሊቃውንት ግድፈቱን የሚያርሙት ከሌላ ደብር ከመጣ ቅጂ ጋር እያመሳከሩ ነው። አሁን አንድ ገዳም ከዓለም ተቆርጦ ቀረ እንበል። ሌላ ቅጂ አይገባም፤ እያንዳንዱ ትውልድ የቀደመውን ትውልድ ቅጂ ብቻ ይገለብጣል። በዚያ ላይ ከብዙ ቅጂዎች ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው ወደ ቀጣዩ ትውልድ የሚተላለፉት፤ የሚተላለፉትም በዕጣ እንጂ በጥራት ተመርጠው አይደለም። ዕጣው በግድፈት የተሞላው ላይ ከወደቀ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ያንን ግድፈት ይወርሳል። ግድፈት ይጨመራል እንጂ አይቀነስም።

የቡክኔራ ሕይወት ይኸው ነው። በሕዋስ ውስጥ ተዘግቶ ስለሚኖር ከሌላ ባክቴሪያ ጋር ጂን አይለዋወጥም። ወደ እያንዳንዱ ፅንስ የሚገባውም ከእናቲቱ ባክቴሪያዎች ጥቂቱ ብቻ ነው። ሞራን በ1996 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሳዩ፤ እነዚህ ውስጠ ነዋሪ ባክቴሪያዎች በነጻ ከሚኖሩት ዘመዶቻቸው ይልቅ ጎጂ ለውጦችን በፍጥነት ያጠራቅማሉ። ግድፈቱ በበዛበት ጂን የሚሠራ ፕሮቲን ቅርጹ ይጣመማል። ቡክኔራም የተጣመሙ ፕሮቲኖችን ደግፎ የሚያቃና አንድ ረዳት ፕሮቲን ከመጠን በላይ ያመርታል፤ ግድግዳው እንዳይወድቅበት በየቦታው ባላ እንደሚያቆም ባለቤት። የሚያስደንቀው ግን የገጾቹ ቅደም ተከተል አለመዛባቱ ነው። በ2002 የሁለት ክሽክሽ ዝርያዎች ቡክኔራ ሲነጻጸሩ፣ ከተለያዩ ከ50 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ቢያልፋቸውም የጂኖቻቸው አሰላለፍ አልተለወጠም። ፊደሉ ይገደፋል፣ ገጹ ይጎድላል፤ የቀረው ግን በነበረበት ተራ ይነበባል።

ለክሽክሽዋ ይህ ምን ማለት ነው? አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በ2007 የሞራን ቡድን ሙቀትን መቋቋም የማይችሉ የአተር ክሽክሽ ዘሮችን አጋጠመው። ወጣት ሳሉ ለጥቂት ሰዓታት ኃይለኛ ሙቀት ካገኛቸው፣ አድገው የሚወልዱት ጥቂት ነው፤ ጨርሶ የማይወልዱም አሉ። መንስኤው በክሽክሽዋ ዘረመል ውስጥ አልተገኘም። በቡክኔራ ውስጥ፣ በሙቀት ጊዜ ፕሮቲን እንዳይበላሽ የሚከላከለውን ጂን በሚቀሰቅሰው ቦታ ላይ፣ አንዲት ፊደል ጎድላ ተገኘች። ከ640 ሺህ ፊደላት አንዲት። የእናት መካንነት በሆዷ ካለ ነዋሪ አንድ ፊደል ጉድለት ሲመጣ ማየት “የእኔ አካል” የሚለውን ቃል እንደገና ያሳስባል። ነገሩ አንድ ወገን ብቻም አይደለም፤ አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት እነዚያው ክሽክሾች ከሌሎቹ ቀድመው መውለድ ይጀምራሉ። ፊደሏ የጎደለችበት ዘር ሳይጠፋ የቆየው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በ2015 ሞራንና ባልደረባቸው አንድ ደረጃ አልፈው ሄዱ። ሙቀት የማይችለውን ቡክኔራ ከክሽክሽ አስወግደው፣ ከሌላ ዘር የተወሰደ ሙቀት የሚችል ቡክኔራ በረቂቅ መርፌ አስገቡ። ክሽክሽዋ ያው ክሽክሽ ናት፤ ሙቀት ግን ቻለች፣ ልጆቿም ቻሉ።

ከቡክኔራ ሌላ አንዳንድ ክሽክሾች የሚይዟቸው ተጨማሪ እንግዶችም አሉ፤ ሁሉም ላይ አይገኙም። አንዱ ሃሚልተኔላ ይባላል፤ ስሙ ሞራን በተማሩበት በሚሺጋን ያስተምሩ ለነበሩት ለእንግሊዛዊው ሊቅ ዊልያም ሃሚልተን መታሰቢያ ነው። ሥራው ዘበኝነት ነው። አንዲት ጥቃቅን ተርብ ክሽክሽን ወግታ እንቁላሏን በሆዷ ውስጥ ትጥላለች፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ክሽክሽዋን ከውስጥ ይበላትና ባዶ ቅርፊት ያደርጋታል። በቅጠል ላይ አበጥ ብለው የደረቁ፣ ወርቃማ ቡናማ ክሽክሾች አይታችሁ ከሆነ እነዚያ ናቸው። ሃሚልተኔላ ያለባት ክሽክሽ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሞተው የተርቧ እጭ ነው። ባክቴሪያው ይህን የሚያደርገውም በራሱ ብቻ አይደለም፤ በባክቴሪያው ውስጥ የተቀመጠ ቫይረስ አለ፣ ቫይረሱ ሲጠፋ ጥበቃውም ይጠፋል። ተርብ በሌለበት ቦታ ግን ዘበኛውን ማኖር ወጪ አለው፤ ሃሚልተኔላ የያዙት ክሽክሾች ቁጥራቸው እየቀነሰ ይሄዳል።

ግድፈቱ እየበዛ የሄደ ባክቴሪያ መጨረሻው ምንድን ነው? አንዱን መንገድ በሌላ ተክል መጣጭ ነፍሳት ውስጥ እናያለን፤ ዱቄት የተነሰነሰባት በምትመስለው፣ በብርቱካንና በሎሚ ዛፍ ላይ በምትታወቀው። የእሷ ውስጠ ነዋሪ፣ ትሬምብላያ የሚባለው፣ ዘረመሉ ከ140 ሺህ ፊደላት በታች ወርዷል። የቀሩት ጂኖች እንኳን ሌላውን፣ ራሱን ለማኖርም አይበቁም። ታዲያ በምን ይኖራል? በእሱ ውስጥ ሌላ ባክቴሪያ ገብቶ ይኖራል። በነፍሳቷ ሕዋስ ውስጥ ባክቴሪያ፣ በባክቴሪያው ውስጥ ባክቴሪያ። አንዱን አሚኖ አሲድ ለመሥራት ነፍሳቷና ሁለቱ ባክቴሪያዎች እየተቀባበሉ ይሠራሉ። የውስጠኛው ባክቴሪያ ስም ሞራኔላ ነው፤ የተሰየመውም ለናንሲ ሞራን ክብር ነው። ሌላኛው መንገድ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው፤ ከክሽክሽ ወገን አንዳንዶቹ ቡክኔራን ከናካቴው አጥተው በምትኩ እርሾ መሰል ፈንገስ አኑረዋል። ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ የኖረ ጋጋሪ ወጥቶ ሌላ ገባ።

ሞራን ጥናታቸውን ወደ ንብም አዞሩ፤ አሁንም በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን የሚያጠኑት ይህንኑ ነው። የንብ ነገር ለእኛ ቅርብ ነው፤ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ማር በማምረት ቀዳሚ ናትና። በንብ አንጀት ውስጥ ጥቂት የባክቴሪያ ዓይነቶች ብቻ ይገኛሉ፤ በየአገሩ ባሉ የማር ንቦች ውስጥም እነዚያው ናቸው። ኑሯቸው ግን ከቡክኔራ የተለየ ነው። በሕዋስ ውስጥ አልተዘጉም፤ የሚተላለፉትም ከእናት በመወለድ ሳይሆን በቀፎው ማኅበር ነው። ጂን ይለዋወጣሉ፣ ዘረመላቸውም የቡክኔራ ብዙ እጥፍ ነው። እነሱ የሚያመሳክሩት ሌላ ቅጂ ያላቸው ገዳማት ናቸው።

ይህ ነጻነት ግን ከውጭ ለሚመጣው ያጋልጣል። በ2018 የሞራን ቡድን ግላይፎሴት የተባለውን አረም ማጥፊያ ለንቦች በስኳር ውኃ ሰጥቶ ተመለከተ። ይህ ኬሚካል በአገራችንም አርሶ አደሮች ከእርሻ በፊት የሚረጩት ነው። የሚሠራው ተክሎች አሚኖ አሲድ የሚሠሩበትን አንድ መንገድ በመዝጋት ነው፤ እንስሳት ያ መንገድ ስለሌላቸው ንብን አይነካም ይባል ነበር። ብዙ ባክቴሪያዎች ግን ያ መንገድ አላቸው። ግላይፎሴት በቀመሱት ንቦች አንጀት ውስጥ ስኖድግራሴላ የተባለው ዋነኛ ባክቴሪያ ቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ በሽታ አምጪ ተሕዋስ ሲያገኛቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ሞቱ። ኬሚካሉ የጎዳው ጓዳውን ነበር።

ጉዳቱ የበረታባቸው ገና የወጡት ንቦች ናቸው። አንዲት ንብ በቀፎው የሰም እንጀራ ውስጥ አድጋ የሰም ክዳኑን ቀዳ ስትወጣ አንጀቷ ከእነዚህ ባክቴሪያዎች ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀፎው ውስጥ ትመላለሳለች፣ የቆየውን እንጀራ ትረግጣለች፣ ከእህቶቿ ጋር ትተሻሻለች፤ በዚያ መካከል አንድ በአንድ ትቀበላቸዋለች።